ደንገጎ ላይ ሞተሩ ለምን ጉልበት ያጣል?

የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ፣ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲቃረብ፣ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ዳገት ዳር ዳር ኮፈናቸው የተከፈተ መኪኖች ይታያሉ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ሾፌሩ ለመካኒኩ ይደውላል፦ «አቦ፣ መኪናው ጉልበት የለውም። ሜዳ ላይ ደህና ነበር፤ ዳገቱን ሲይዝ አልስብ አለ።»

መልሱ ብዙ ጊዜ «ፖምፓው ነው፣ ይውረድ» የሚል ነው። ፖምፓ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ክፍል ነው። ውድ ዕቃ ነው። ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ተሠርቶ እስኪመለስ መኪናው ይቆማል፤ ገቢውም አብሮ ይቆማል። ችግሩ ግን ከፖምፓው በፊት፣ በጣም ርካሽ የሆነ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። የተደፈነ ፊልትሮ (ማጣሪያ)፣ የላላ የቱቦ ማሰሪያ፣ ጭቃ የደፈነው ክዳን ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለማየት ሾፌር መሆን ይበቃል።

ነገሩ አሁን የባሰ የሚያሳስበው በነዳጁ ዋጋ ነው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ቆይቷል። አየር ያጠረው ሞተር ደግሞ ናፍጣውን በወጉ ሳያቃጥል በጭስ ያወጣዋል። ያው ዳገት ድሮ ከሚፈጀው በላይ ይፈጃል።

ናፍጣ ሞተር ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ እሳቱ የሚነሳው ከእሷ ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ብቻውን ይጨምቀዋል። የሲሊንደሩ ሙሉ አየር ከ16 እስከ 22 ጊዜ ያህል አንሶ ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጨቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል። ናፍጣው ከሙቀቱ የተነሳ ራሱ ይነዳል፣ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። ጉልበት የምንለው ይህ ግፊት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የአየሩ ብዛት ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ቢያንስ 12 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በድሬዳዋ ሙቀት 1 ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ሞተሩ 12 ሜትር ኩብ አየር መሳብ አለበት ማለት ነው። በተግባር ደግሞ ከዚህም በላይ ይስባል። ሾፌር ስለ ናፍጣው ቀን ከሌት ያስባል፤ አየሩ ግን በነፃ ስለሚገኝ ይረሳል።

ስለዚህ ሞተር ጉልበት ሲያጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ የጎደለው ናፍጣ ነው ወይስ አየር? ወይስ ሁለቱም ሳይጎድሉ የተሠራውን ጉልበት መንገድ ላይ የሚበላው ሌላ ነገር አለ? ሞተሩ ራሱ አርጅቶ መጨመቅ አቅቶት እንደሆነ የሚታየው በመጨረሻ ነው።

ዳገቱ ራሱ ምን ያህል ጥፋት አለው?

ትንሽ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ያለበት አምባ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። ይህን 800 ሜትር ያህል ልዩነት አብዛኛውን የምንወጣው ደንገጎ እስክንደርስ ባሉት 20 ምናምን ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው።

8 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪናን 800 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ የጎማውና የነፋሱ ሳይቆጠር፣ 5 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠፋል። ለዚያ ናፍጣ ቢያንስ 60 ኪሎ አየር በአንዲት ፊልትሮ በኩል ማለፍ አለበት። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ስለሚጠቀም ጉድለቱ አይታይም። ዳገቱ ያለውን ሁሉ አውጣ ሲለው ነው የተደበቀው የሚወጣው። «ሜዳ ላይ ደህና ነበር» የሚለው ቃል እውነት የሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው አየሩ ከፍ ባልን ቁጥር መሳሳቱ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ደንገጎ የደረሰ መኪና፣ እላይ የሚያገኘው አየር ባሕሩ ዳር ከነበረው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ችግር በአብዛኛው ይቋቋማል፤ ከሚወጣው ጭስ ጉልበት ወስዶ አየሩን እየጨመቀ ያስገባል።

ይሁን እንጂ ይህ በአየሩ ለማመካኘት አይበቃም። ዳገቱ ትናንትም ያው ነበር። በየሳምንቱ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣበትን ቦታ ዛሬ በአንደኛም መውጣት ካቃተው የተበላሸ ነገር አለ።

ጭሱ ምን ይናገራል?

ኮፈን ከመክፈት በፊት ረዳቱ ወርዶ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ከኋላ ያለውን ጭስ ይመልከት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚሰጠው መረጃ ግን ብዙ ነው።

ጥቁር ጭስ ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፤ ያጠረው አየር ነው። የከሰል ምድጃ ላይ ከሰሉን ቆልሎ የአየር መግቢያውን መዝጋት እንደማለት ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው። ነጭ ጭስ ሁለት ትርጉም አለው። ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቢታይ ብዙም አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም ጭሱ ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፤ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው መዝጊያ) ይጠረጠራል። እንዲህ ከሆነ ጉዞውን መቀጠል አይገባም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አራተኛው ነው። ሞተሩ ደክሟል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጧል፣ ግን ጭስ የለም። ጭስ አለመኖሩ እንደ ጤና ይቆጠራል። እዚህ ጋ ግን የሚቃጠል ናፍጣ የለም ማለት ነው። ናፍጣው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ናፍጣው የት ቀረ?

ከታንኩ እስከ ኢንጀክተሩ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ታንክ፣ ቱቦ፣ የውሃ መለያ፣ ትንሿ ሳቢ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ከዚያ ነው ዋናው ፖምፓ። ከነዚህ አንዱ ቢጠብ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ ናፍጣ አያንሰውም። ጭነት ሲመጣ ግን አይበቃውም።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊልትሮው ነው። የናፍጣ ፊልትሮ ከሰው ጠጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰን ቆሻሻ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ስለዚህ መደፈኑ ሥራውን መሥራቱን ነው የሚያሳየው። ችግሩ የምንቀይረው ሲደፈን እንጂ ከመደፈኑ በፊት አለመሆኑ ላይ ነው። ናፍጣ በጀሪካን እየተገዛ ከተሞላ ደግሞ ከወትሮው ቶሎ ይደፈናል። ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ ውሃው ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል። በግማሽ የተሞላ ታንክ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ጠል ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል። ቀን ድሬ ሞቆ፣ ማታ ሐረር ቀዝቅዞ የሚያድር መኪና ይህ ይገጥመዋል። ማታ ታንኩን ሞልቶ ማሳደር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። ውጤቱ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ዝቃጭ ነው። ያ ዝቃጭ ፊልትሮ ላይ ሲለጠፍ አዲስ ፊልትሮም ቶሎ ይዘጋል።

ይህን ለማየት ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ሞተሩ ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ሳለ፣ በውሃ መለያው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አድርጎ የሚወርደውን በሃይላንዱ መቀበል ነው። ከዚያ ደፋ ሳያደርጉ ጥላ ላይ ማስቀመጥ። ውሃ ካለ ከሥር ይለያል። ከላይ ቢጫማ ናፍጣ፣ ከታች ጠራ ያለ ወይም ድፍርስ ውሃ፣ በመሃላቸው በቢላ የተቆረጠ የመሰለ መስመር ይታያል። መስመሩ ላይ ጥቁር ክር ክር ነገር ከተንሳፈፈ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ንጹህ ናፍጣ እስኪወርድ መልቀቅና ብሎኗን መልሶ ማጥበቅ ነው። የወጣውንም አፈር ላይ ወይም ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አትድፉት፤ ውሃ የሚያወጣ ጉድጓድ ሩቅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ መካኒክ ያደከመ አንድ ጠባይ አለ። መኪናው ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ደህና ይሄዳል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ይቆማል። ሾፌሩ ወርዶ ጥቂት ያርፋል። ሲያስነሳው እንደ አዲስ ይነሳል። ይሄዳል፣ ደግሞ ይደክማል። ብዙ ጊዜ ይህ ታንኩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ነው። ሳቢው ቱቦ አፍ ላይ ተጠግቶ ይደፍነዋል። ሞተሩ ሲቆም መሳቡ ስለሚቀር ቆሻሻው ይለቅና ይወድቃል። ወደ ጅቡቲ ብንወርድ፣ በናፍጣ ሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችም በዚሁ ይቸገራሉ። ባሕሩ ጸጥ ሲል ምንም አይሉም። ማዕበል ሲነሳ ታንኩ ይናወጣል፣ ከሥር የተኛው ዝቃጭ ይነሳል፣ ሞተሩ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይደክማል። እኛ ጋ ታንኩን የሚንጠው የመንገዱ ጉድባ ነው።

ተመሳሳይ ጠባይ የሚያመጣ ሌላም አለ፤ መፈተሻው ከሁሉም ይቀላል። ናፍጣ ከታንኩ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ በጭቃ ወይም በአቧራ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ናፍጣውን ይዞ ያስቀረዋል። መኪናው ሲደክም አቁሙና የታንኩን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባና መኪናው ከተሻለው ጥፋተኛው ተገኘ። ኦሪጅናሉ ክዳን ጠፍቶ በፕላስቲክና በጎማ የተጠቀለለ ታንክ ይህን ችግር ራሱ ጋብዟል።

በመጨረሻ አየር መያዝ አለ። ከታንኩ እስከ ሳቢዋ ፖምፓ ያለው ቱቦ የሚሠራው በመሳብ ነው። ስለዚህ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚስበው። «የሚፈስ ነገር የለም» ብሎ ማለፍ ስህተት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። የቱቦ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ቀይሩ። መካኒኩ ለጥቂት ጊዜ በመሃል የሚያሳይ ቱቦ ቢያስገባ አረፋው ሲያልፍ በዓይን ይታያል።

አየሩስ ለምን ያጥራል?

ጥቁር ጭስ ካያችሁ የአየር ፊልትሮውን አውጡ። ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በረሃ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮ፣ አምራቹ በመጽሐፉ ላይ ለአቧራማ መንገድ የጻፈውን አጭሩን ጊዜ ነው መከተል ያለበት። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙሩት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ አየርም በወጉ አያሳልፍም።

ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ግፊቱን ቀንሶ ከሆነ ለጊዜው ይረዳል። ከውጭ ወደ ውስጥ ከሆነ ግን አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ መሰግሰግ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ወረቀቱ ይበሳል። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አሸዋ ፋሻውን (በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን ይፈጫል፤ ያ ደግሞ ሙሉ የሞተር እድሳት ነው። በቤንዚን ማጠብ ጭራሽ አይሞከርም። አዲስ መግዛት ሳይሻል አይቀርም።

ፊልትሮው ንጹህ ሆኖ ጥቁሩ ጭስ ከቀጠለ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ቱቦዎች በእጅ ዳብሱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ። ተሰንጥቆ አየር የሚያስወጣ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ አካባቢ በዘይት የረጠበ አቧራ ይይዛል። ዳገት ላይ አዲስ የፉጨት ድምፅ መሰማቱም ምልክት ነው። መግቢያው ሁሉ ደህና ከሆነ መውጫው ይታይ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከውስጥ ተሰብሮ ወይም ድንጋይ መትቶ ካጨማደደው፣ የተቃጠለው ጭስ ሳይወጣ ለአዲሱ አየር ቦታ አይለቅም።

ሞተሩ ደህና ሆኖ መኪናው እምቢ ቢልስ?

ይሄ አለ። ጀልባ ላይ ቢሆን የሚታየው ከሥር የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነው፤ የባሕር አረምና ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ተለጥፎበት ሞተሩን ያስጨንቀዋል። መኪና ላይ ፍሬኑ ነው። አንዱ ጎማ ፍሬን ይዞ የማይለቅ ከሆነ ሞተሩ ዳገቱንም ፍሬኑንም ይታገላል። መኪናው ሲቆም ወደየጎማው ታምቡር እጅን ሳያስነኩ ማስጠጋት ይበቃል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ እሱ ነው።

ሞተሩ ሲጮህ ፍጥነቱ ካልጨመረ ደግሞ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ክፍል) እየተንሸራተተ ነው፤ የተቃጠለ ሽታ አለው። የነዳጅ ካቦው ረዝሞም ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ይርገጥ፤ ሌላ ሰው ፖምፓው ላይ ያለችው ክንድ እስከ መጨረሻ መሄዷን ይይ። ካልሄደች ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶትም አያውቅም።

መብራት የሚያበሩት አዳዲሶቹ መኪኖችስ?

አዳዲሶቹ ላይ ኮምፒውተሩ አደጋ ካየ ራሱ ሆን ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። ሙቀት ሲበዛ፣ የናፍጣ ግፊት ሲወርድ፣ አንድ ሴንሰር ሲሳሳት ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ይበራና መኪናው በዝግታ ብቻ ይሄዳል። ይህ ከባሰ ጉዳት ለማዳን ነው። በኮምፒውተር ማስመርመር ይቀድማል። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት የተመዘገበውን ምክንያት ሊሰርዝ ስለሚችል መካኒኩን ያሳውረዋል። የነዚህ ሞተሮች የናፍጣ ቧንቧ ግፊት እስከ 1600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሞተሩ እየሠራ ብሎናቸውን መፍታት ወይም ፍሳሹን በእጅ መዳበስ ክልክል ነው። ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ጉዳቱም እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል።

ሙቀት ካነሳን፦ ሞተር ሞቀ ተብሎ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል) ወልቆ የሚጣልባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ያኔ ሞተሩ ሐረር ብርድ ላይ ተገቢ ሙቀቱን አያገኝም፤ ናፍጣ ይበላል፣ ሞተሩ ራሱም ቶሎ ያልቃል። ራዲያተሩን ማጠብ ነው የሚሻለው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም።

ፖምፓው የሚጠረጠረው መቼ ነው?

ፊልትሮዎቹ ተቀይረው፣ ውሃው ወጥቶ፣ አየር የሚያስገባው ስንጥቅ ተዘግቶ፣ ፍሬኑ ታይቶ፣ ካቦው ተስተካክሎ ሞተሩ ያው ከሆነ። ያኔም ከፖምፓው በፊት የሲሊንደሮቹን የመጨመቅ ግፊት ማስለካት ያዋጣል። ፋሻው ያለቀ ሞተር ላይ አዲስ ፖምፓ ቢታሰር ለውጥ አያመጣም። ፖምፓው ከወረደም የሚፈተሽበት ማሽን ስላለ፣ ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ ያለውን ልኬት በጽሑፍ ጠይቁ። የወጡትን ዕቃዎችም ተቀበሉ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

ጋራዥ ስትደርሱ «ጉልበት የለውም» ከማለት ይልቅ የቀረውንም ንገሩ፦ የሚደክመው ሲነሳ ነው ወይስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ? ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ክዳኑን ሲከፍቱት ተሻለው? ፊልትሮ የተቀየረው መቼ ነው? ናፍጣ መጨረሻ የተሞላው የት ነው? መካኒኩ ግማሹን መንገድ በዚህ ይጨርሳል። ዳገቱ ላይ ለጎማ ታኮ ያደረጋችሁትንም ድንጋይ ከአስፋልቱ ላይ አንስታችሁ ሂዱ፤ ማታ ከኋላችሁ የሚመጣው ሞተር ሳይክል አያየውም።